ሊቲየም፦ በጠባብ ልክ የሚሠራ መድኃኒት

ሊቲየም ስሜት ከመጠን በላይ እየጋለ መልሶም በድብርት እየወደቀ ለሚፈራረቅበት የባይፖላር ሕመም የሚታዘዝ የማዕድን ጨው ነው። ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል፤ ራስን የማጥፋትን አደጋም ይቀንሳል።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕሙማን መስጠት ጀመሩ፤ ውጤቱንም በ1949 አሳተሙ። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዱ ለዓመታት በማኒያ፣ ማለትም ከመጠን በላይ በጋለ ስሜት፣ የቆየ ሰው ነበር። በጥቂት ወራት ተሽሎት ቤቱ ገባ፤ መድኃኒቱን ሲተው ሕመሙ አገረሸበት፤ እንደገና ጀምሮ በ1950 በሊቲየም ተመርዞ ሞተ። ያሻለውም የገደለውም ያው መድኃኒት ነው። በደሙ ውስጥ ያለውን መጠን እየለካ የሚያስጠነቅቅ ግን አልነበረም።

ዛሬ ያለዚህ ልኬት ሊቲየም መስጠት ትልቅ ስህተት ነው። ደም የሚወሰደው ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል እንዲሆን ይፈለጋል። ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ያሰጋል። ኩላሊትና ታይሮይድም በየ6 ወሩ ይመረመራሉ።

መጠኑ ክኒን ሳይጨመር ሊያሻቅብ ይችላል። ኩላሊት ሊቲየምን የሚያየው እንደ ገበታ ጨው ነውና፣ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ሁለቱንም አብሮ ያስቀራል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ብርቱ ላብ፣ ውኃ ሳይቀመስ የሚዋልበት ጾም፣ ጨው በድንገት መተው፣ ሁሉም ወደዚያው ያመራሉ። ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም የሚገዙት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ። ስለ ጾም ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሐኪሙ ነው፤ ታካሚው ተግሣጽ ፈርቶ ዝም ሊል ይችላልና።

ቀላል የእጅ መንቀጥቀጥና ጥማት የተለመዱ ናቸው። መንቀጥቀጡ ሲበረታ፣ አረማመድ ሲንገዳገድ፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ ትውከትና ተቅማጥ ሲከተል ግን ቀጣዩን ክኒን ሳይወስዱ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ግራ መጋባቱን አይቶ «ሕመሙ ተነሣበት» ብሎ ክኒኑን እንዲውጥ ቢገፋፋው አደጋው ይብሳል።

እርግዝና ያሰበች ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትመክራለች፤ መድኃኒቱ የፅንሱን ልብ ሊጎዳ ይችላልና። መመረዝ ካልገጠመ በቀር ሊቲየም በአንዴ አይቋረጥም፤ ማኒያው ፈጥኖ ይመለሳል። መጠኑ ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል በ3 ወር ውስጥ፣ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል።