የግል የጤና መድን ማን ይገዛል? ለምንስ?

አዲስ አበባ ውስጥ በግል ሆስፒታል ገንዘብ ሳይከፍል ካርድ አሳይቶ የሚታከም ሰው ብታዩ፣ መድኑን ራሱ ገዝቶታል ብላችሁ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የገዛለት መሥሪያ ቤቱ ነው።

መንግሥት ያቋቋመው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለአርሶ አደሩና ደመወዝ ለሌለው የከተማ ነዋሪ ነበር። ለደመወዝተኛው ደግሞ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣለት፤ አዋጁ ግን ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። በዚህ መሐል ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ተዋውለው ሠራተኞቻቸውን ያሳክማሉ። ጥሩ ሠራተኛ እንዳይለቅባቸውም ይጠቅማቸዋል።

ሠራተኛውስ ለምን ይወደዋል? የሕክምናው ጥራት ብቻ አይመስለኝም። ጊዜም አለ። በመንግሥት ተቋም ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ፣ ቀጠሮ ጠብቆ፣ በመጨረሻ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሐኪም መምረጥ መቻልም ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ግለሰቡ ለምን ራሱ ሄዶ አይገዛም? አንዱ ምክንያት አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ ነው፤ ሌላው ከኩባንያው ስጋት ይመጣል። እድር ሊገባ የሚጣደፈው ቤቱ የታመመ ሰው ያለበት ከሆነ እድርተኛው ይጠረጥራል። ኢንሹራንሱም ብቻውን የመጣውን ደንበኛ እንደዚያው ያየዋል። 500 ሠራተኛ አንድ ላይ ሲመጣ ግን ጤነኛው ይበዛል፤ የታመመው ወጪም ለሁሉም ይከፋፈላል። ለግለሰብ የሚሸጥ ውል ላይ የጤና ምርመራና የመጠበቂያ ጊዜ የሚጨመረው፣ ቀድሞ የነበረ በሽታም የሚገለለው ለዚህ ነው።

የመሥሪያ ቤት መድንም ቢሆን ጣሪያ አለው። ለዓመት የተመደበው ብር ሲያልቅ ቀሪው ከኪስ ነው። ውል ወደሌለው ሆስፒታል የሄደም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከፍሎ፣ ደረሰኝ አቅርቦ ይጠብቃል። ሥራ የለቀቀ ደግሞ መድኑንም ይለቃል፤ ሥራ ለመቀየር ሲታሰብ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ስለዚህ ከመታመማችሁ በፊት የሰው ሀብት አስተዳደርን የውሉን ቅጂ ጠይቁ። ወሊድ፣ ጥርስና መነጽር መካተታቸውን፣ ልጆቻችሁ መመዝገባቸውን እዩ። ከሁሉም በላይ ጣሪያው መቼ እንደተወሰነ ጠይቁ፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተቆረጠ ጣሪያ ዛሬ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ላይበቃ ይችላል።