ባዶውን ስንት ማይል ሄደ? ስለ «ረን ፍላት» ጎማ ጥቂት ማብራሪያ

ባለፈው ኦገስት ከአዲስ አበባ የመጡትን አጎቴን ከዲኤፍደብልዩ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ወደ ጋርላንድ ስንጓዝ፣ ኤልቢጄ አውራ ጎዳና ላይ የመኪናዬ የጎማ ምልክት በራ። መኪናዋ አልዘመመችም፤ መሪውም አልጎተተም። ትርፍ ጎማ የላትም፤ የተገጠመላት አየሩ ቢወጣም ለጊዜው የሚሄደው ረን ፍላት የሚባለው ጎማ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ እየነዳሁ ቤት ገባሁ። በማግስቱ የሄድኩበት የመጀመሪያው ጎማ ቤት «ይህ አይጠገንም፤ አዲስ ግዛ» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ጎማውን ከቸርኬው ሳያወርድ ከውጭ በኩል ወትፎ በ10 ደቂቃ ሊሸኘኝ ተነሣ።

አጎቴ በወጣትነታቸው የአሰብን መንገድ በጭነት መኪና የተመላለሱበት ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ባዶውን ስንት ኪሎ ሜትር ሄድክበት?» መልስ አልነበረኝም። ሁለቱም ጎማ ቤቶች ይህን አልጠየቁኝም፤ መሐንዲስ ነኝ የምለው እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

ለብዙዎቻችን የጎማ ጥገና ሲባል ትዝ የሚለን የአገር ቤቱ ጎሚስታ ነው። ከመነዳሪውን አውጥቶ ይነፋል፤ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ከዚያ ሞርዶና ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፋል። አየሩን የሚይዘው ከመነዳሪው ስለነበረ፣ ቀዳዳው ከተደፈነ ሥራው አለቀ ብለን ለመድን። የዛሬ የቤት መኪና ጎማ ግን ከመነዳሪ የለውም። አየሩን የሚይዘው ራሱ ጎማው ነው።

በተለመደው ጎማ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የታመቀው አየር ነው። አየሩ ሲወጣ የጎማው ጎን ታጥፎ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ይደቃል። በረን ፍላት ጎን ውስጥ ግን ወፍራምና ጠንካራ ላስቲክ ስለተጨመረ፣ አየር ባይኖርም ክብደቱን ለጊዜው ይችላል። አብዛኞቹ የተሠሩት በሰዓት ከ50 ማይል (80 ኪሎ ሜትር) ሳይበልጡ 50 ማይል ያህል እንዲያደርሱ ነው።

ታዲያ ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም። አየር የሌለው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉም ሙቀት ይፈጥራል። ሽቦ ደጋግሞ አጥፎ የሰበረ ሰው፣ ሽቦው ከመበጠሱ በፊት እንደሚግል ያውቃል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ነው ብንል፣ 80 ኪሎ ሜትር መንገድ 40,000 ዙር ይሆናል። ሙቀቱ ላስቲኩን ያደክማል፤ በውስጡ ካሉትም ክሮች ያላቅቀዋል። በዳላስ በጋ ደግሞ አየሩና አስፋልቱ ራሳቸው የጋሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ እዚህ 71 ቀናት 100 ዲግሪ ፋራናይት የደረሱ ወይም ያለፉ ነበሩ።

እንግዲህ ምስማሩ የገባው በመሬት መርገጫው ላይ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ያለው ጎኑ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ተራ ጎማ ባዶውን ከተነዳ ሲወርድ ያጋልጣል፤ በውስጡ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ወይም ዙሪያውን የተፋተገ መስመር ይታያል። ረን ፍላት ግን ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ተጎድቶም ደህና ሊመስል ይችላል። አምራቾች የማይስማሙትም በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዱ በቅድመ ሁኔታ መጠገንን ይፈቅዳል፤ ሌላው ጨርሶ ይከለክላል።

ስለዚህ «አዲስ ግዛ» ያለኝ ሰው ሊዘርፈኝ ፈልጎ ነው ማለት አይቻልም። ከውጭ ልወትፍ ያለኝ ግን ለማንኛውም ጎማ ቢሆን ተሳስቷል። በአሜሪካ የጎማ ኢንዱስትሪ መመሪያ መሠረት ጎማው መውረድና ውስጡ መመርመር አለበት። ቀዳዳው በመርገጫው ላይ ብቻ መሆን ይኖርበታል፤ ስፋቱም ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ቀዳዳውን የሚሞላ መወተፊያና ከውስጥ የሚሸፍን ልጥፍ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የጎማ ምልክቱስ? እ.ኤ.አ. በ2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ካደረገ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ምክንያት የመጣ ነው። ሕጉ የአየር ግፊቱ ከሚመከረው 25 በመቶ ሲቀንስ እንዲበራ ያስገድዳል። በራ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ረን ፍላት ባዶውንም ስለማይዘም፣ ያለዚህ ምልክት ነጂው ላያውቅ ይችላል።

ስለሆነም ምክሬ ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ምልክቱ ሲበራ አመቺ ቦታ ቆማችሁ ግፊቱን ለኩ፤ የማይል መቁጠሪያውንም በስልካችሁ ፎቶ አንሡ።

ሁለተኛ፣ ጎማው አየር ይዞ ከቆመ፣ ቀዳዳውም ትንሽና በመርገጫው ላይ ከሆነ፣ የአምራቹን መመሪያ ጠይቁ። ከፈቀደ ይጠገን።

ሦስተኛ፣ ባዶውን ከሄደ ወይም መሄዱን የማታውቁ ከሆነ ቀይሩት። «አላውቅም» እንደ «ሄዷል» ይቆጠር።

አራተኛ፣ ያገለገለ ረን ፍላት በርካሽ አትግዙ። የማን መኪና ላይ፣ በምን ሁኔታ እንደተነዳ የሚነግራችሁ የለም።

አምስተኛ፣ ወደ ተራ ጎማ መመለስ ከፈለጋችሁ አራቱንም ቀይሩ እንጂ አትደባልቁ፤ ትርፍ ጎማና ክሪክም ያዙ።

ቴክሳስ ለግል መኪናዎች የነበረውን ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አስቀርቷል። በዳላስና በታራንት ካውንቲ የቀረው የጭስ ምርመራ ነው። በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ጎማችንን ያይልን የነበረው ዓይን የለም ማለት ነው። ከወገኖቻችን መካከል በመኪናቸው መንገደኛ እየጫኑ የሚያድሩ ብዙ ናቸው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ጎማው ምን እንዳሳለፈ አያውቅም፤ ማወቅ ያለበት ነጂው ነው።

እኔ በመጨረሻ አዲስ ገዛሁ፤ ዋጋውም አንገበገበኝ። አሮጌው ሲወርድ ውስጡ ደህና ይመስል ነበር። ደህና ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የከፈልኩትም ለዚሁ አለማወቄ ነው።

ቸር ይግጠመን።