ከማደያው ወለል በታች፦ የሚያፈስ ታንከርና የደጋው ውኃ

ከጅቡቲ ነዳጅ ጭኖ የተነሣ ቦቴ ደሴን አልፎ በደቡብ ወሎ የለጋምቦን ደጋ ሲወጣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በባሕር ዳርቻው ሙቀት የተጫነ ቤንዚን በዚሁ ደጋ ባለችው በአቀስታ ከተማ ብርድ መጠኑ ያንሳል፤ 25 ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዘ ከ10,000 ሊትሩ ከ200 ሊትር በላይ ይጎድላል። ይህ እንግዲህ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ነው። ስለዚህ በማደያ መዝገብ ላይ ጉድለት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርዱ ነው፤ ቀጥሎ ሾፌሩ፤ ከዚያ ቀጂው። መሬት ውስጥ የተቀበረው ታንከር ተራው የሚደርሰው በመጨረሻ ነው።

ታንከር ደግሞ እንደ ቧንቧ ፈንድቶ አያስታውቅም። የዛገ ብረት፣ የላላ መገጣጠሚያ ወይም የተሰነጠቀ መስመር በሴኮንድ አንድ ጠብታ ቢያወጣ በቀን 4 ሊትር ያህል፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል። በወር ሲሰላ 130 ሊትር ገደማ ነው። የአሜሪካ ደንብ በመለኪያ ዘንግና በሽያጭ መዝገብ ለሚደረግ ወርሃዊ ቁጥጥር የፈቀደው ልዩነት ግን ከሽያጩ 1 በመቶ ሲደመር 490 ሊትር ገደማ ነው። ያቺ ጠብታ ከዚህ በታች ስለሆነች ለዓመታት ሳትታወቅ ልትቆይ ትችላለች። መዝገብ መያዝ የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ጉዳቱን ከባድ የሚያደርገው ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዜን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። 1 በመቶ ቤንዜን ያለበት አንድ ሊትር ቤንዚን ይዘቱ ሁሉ ውኃ ውስጥ ቢሟሟ ከ700,000 ሊትር በላይ ውኃን እስከዚህ ወሰን ለማድረስ ይበቃል። በአፍንጫ መተማመንም አያዋጣም፤ ቤንዜን ራሱ በውኃ ውስጥ የሚሸተው ከወሰኑ 1,000 እጥፍ ገደማ ሲደርስ ነውና። ናፍጣ ቤንዜኑ ከቤንዚን በጣም ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በአፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

የፈሰሰው ነዳጅ ወዴት ይሄዳል? ከውኃ ስለሚቀል በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ከርሰ ምድር ውኃው ላይ ሲደርስ ከላዩ ይንሳፈፋል፤ የሚሟሟው ክፍል ከውኃው ጋር ይጓዛል፤ የሚተነው ደግሞ በአፈሩ ቀዳዳ ወጥቶ ጎን ካለ ቤት ወለል ሥር ሊጠራቀም ይችላል። በደለል ሜዳ ይህን ጉዞ መተንበይ በአንጻሩ ይቀላል። የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ግን የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድርብርብ ነው። ውኃው በስንጥቅና በንብርብሩ መካከል ይሄድና ገደል አፋፍ ላይ ወይም ተዳፋት ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስንጥቅ የያዘ ብክለት 20 ሜትር ላይ ያለውን ጉድጓድ ስቶ ርቆ ያለውን ምንጭ ሊያገኝ ይችላል። ከላዩ ያለው ዋልካ አፈርም የራሱ ጠባይ አለው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በየዓመቱም የተቀበረ መስመርን ይገፋል፣ ይስባል። የደጋው ብርድ ደግሞ ነዳጅን የሚበሉ ተሕዋስያንን ሥራ ያዘገያል። ከዚህ ደጋ የሚነሡት ጅረቶች ወደ በሽሎና ወደ ወለቃ፣ በእነሱም በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዓባይ ይልቅ ከተዳፋቱ ሥር እንስራ የሚሞላበት ምንጭ ነው።

ዓለም ከመሬት በታች ያለውን ወደ መገምገም የመጣው ተቃጥሎ ነው። አሜሪካ የተቀበሩ ታንከሮችን የሚመለከት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን ዝርዝር ደንቡ በ1988 ወጣ፤ አሮጌ ታንከሮች እስከ 1998 ድረስ እንዲሻሻሉ ወይም እንዲዘጉ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የተረጋገጡት ፍሳሾች ከ500,000 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሳንታ ሞኒካ የምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ ከነዳጅ ጋር በሚቀላቀል ኬሚካል የተነሣ ጉድጓዶቿን ዘግታ የውኃ አቅርቦቷን ግማሽ ያህል አጣች። ገዢዎችና ባንኮች ንብረት ከመያዛቸው በፊት ከመሬቱ በታች ያለውን ማወቅ ፈለጉ፤ ዛሬ ብዙ አገሮች የሚከተሉት የደረጃ ግምገማ የተስፋፋው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ አፈር አይቆፈርም። የይዞታው ታሪክ ይመረመራል፤ ግቢው በእግር ይታያል፤ የቆየ ሠራተኛና ጎረቤት ይጠየቃል። የት ተቀበረ? መቼ? የተተወ ታንከር አለ? ጋራዥ ነበረ? የተቃጠለ ዘይት የት ይደፋ ነበር? ጥርጣሬ ካለ ሁለተኛው ደረጃ ይከተላል፤ ተቆፍሮ የአፈርና የውኃ ናሙና ይወሰዳል። ሦስተኛው ማጽዳት ነው፤ አፈሩን ማውጣት፣ ትነቱን መሳብ፣ ወይም ተፈጥሮ ራሷ እስክትሰብረው እየለኩ መጠበቅ። ከሁሉም ርካሹና እንደ አቀስታና መካነ ሰላም ላሉ ከተሞች ዛሬውኑ የሚቻለው የመጀመሪያው ነው። ታንከሩ ሲቀበር ያዩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ አለባቸው።

በአገራችን ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት እንዳይጀመር ያዛል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ችግሩ ከመሬቱ በታች ምን አለ የሚለው ጥያቄ የሚነሣበት ጊዜ ነው። የተፅዕኖ ግምገማ ክብደቱ ያረፈው ማደያው ከመሠራቱ በፊት ባለው ሰነድ ላይ ነው። አዋጁ ክትትልንም ያዛል፤ ነገር ግን ታንከሩ ካረጀ፣ ማደያው ከተሸጠ ወይም ተዘግቶ ቦታው ለሆቴልና ለሱቅ ከተሰጠ በኋላ መሬቱን ቆፍሮ ማየት የንብረት ዝውውሩ ቋሚ አካል አልሆነም። መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ጊዜውም ቀርቧል። ወሎ ነዳጁን ከአሰብ ያገኝ በነበረበት ዘመን፣ ማለትም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከመነሣቱ በፊት፣ የተቀበረ የብረት ታንከር ዛሬም መሬት ውስጥ ካለ ዕድሜው ቢያንስ ወደ 30 ዓመት እየተጠጋ ነው። በሌላ በኩል መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና በበዛ ቁጥር የሚዘጉ ማደያዎች ይኖራሉ፤ ጥያቄውም መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ቆይቶ በደሴና በኮምቦልቻ ይነሣል። የተዘጋ ታንከር ነዳጁ ተቀድቶ፣ ታጥቦ፣ ወጥቶ ወይም በአሸዋ ተሞልቶ ካልተመዘገበ ቀጣዩ ገዢ ያለ ዕውቀቱ ይወርሰዋል።

ደግሞ ሁሉም ነዳጅ በማደያ አይደለም። በየወረዳው ከተማ በበርሜልና በጀሪካን የሚቸረቸረው ቤንዚን የሚቀዳው በባዶ መሬት ላይ ነው፤ ገምጋሚ ማደያውን ብቻ አይቶ ቢመለስ ግማሹን ጉዳይ ትቶ ሄደ ማለት ነው።

ናሙና መውሰድ የራሱ ጣጣ አለው። ቤንዜን በቀላሉ ስለሚተን ውኃው አየር ሳይቀርበት በትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ተሞልቶ፣ በአሲድ ተጠብቆ፣ በበረዶ ሣጥን ተጉዞ በ14 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። በፕላስቲክ ኮዳ ተቀድቶ በአውቶቡስ የተላከ ውኃ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም ምንም አያረጋግጥም።

የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። አቤቱታው የቀረበለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማስረጃው ግን የሚገኘው ምንጩ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ከተመዘገበ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማደያ በታች ያለ ምንጭ ሁሉ በዓመት ሁለቴ ቢለካ ይበጃል፤ አንዴ ውኃው በሚያንስበት በግንቦት፣ አንዴ ደግሞ ክረምቱ በአፈሩ የቆየውን አጥቦ ካወረደ በኋላ በመስከረም።