ያውቁ ኖሯል? የደባርቅ ልጅ ደምና የሄሊኮፕተር ሞተር
ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነስቶ አየር ኃይል ገብቶ ሄሊኮፕተር ማብረር የሚመኝ ወጣት ከወላጆቹ የወረሰው ትልቅ ጸጋ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ጥናት በስሜን ተራሮች፣ አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ነበር። የደማቸው የኦክስጅንና የሄሞግሎቢን መጠን በቆላ ከሚኖር ሰው እምብዛም የተለየ ሆኖ አልተገኘም!

ሄሊኮፕተሩ ግን እንዲህ አልታደለም። 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደባርቅ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ራስ ደጀን አናት ላይ ደግሞ ከሁለት ሦስተኛም ያንሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ የሚሽከረከረው ክንፍም ወደ ታች የሚገፋው አየር ያንሰዋል። ቀትር ላይ ሲሞቅ ይብሳል፤ አብራሪው ጭነት መቀነስ ግድ ይሆንበታል። አየር ኃይላችን የሚጠቀምበት ኤምአይ-17 ከቀደመው ኤምአይ-8 የበረታ ሞተር የተገጠመለት ሙቀትና ከፍታን እንዲቋቋም ጭምር ነው።

ስለዚህ አየር ኃይል ለመግባት ወደ ቢሾፍቱ ከማቅናትዎ በፊት ዳገት መሮጡ ብቻ አይበቃም። ከፊዚክስ መጽሐፍዎ ስለ ግፊት፣ ሙቀትና እፍግታ የሚያትቱትን ምዕራፎች ደጋግመው ይሥሩ። ዓይንዎንም፣ በተለይ ቀለም የመለየት ችሎታዎን፣ ቀደም ብለው ያስመርምሩ።