«ደረቀ» ወይስ «ረጋ»? ስለ ሲሊኮን ጎማ ሥራ ስያሜዎች

የሙያ ቃል ትክክለኛነት የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን አንብቦ ሥራ በሚጀምር ሰው እጅ ላይም ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ርእስ ሲያዩት ተራ መዝናኛ ሊመስል ይችላል። ይኸውም የልዕለ ጀግና ልብስ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች፣ ብርሃን የሚያሳልፉና የሚተጣጠፉ የልብስ ክፍሎችን ከሲሊኮን ጎማ አፍስሰው የሚቀርጹበት ዘዴ ነው። ሆኖም የዚህን ሥራ መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ የስያሜ ችግር ይገጥመዋል።

ልዕለ ጀግና የምንለው በሥዕል መጽሔትና በፊልም ከሰው አቅም በላይ ኃይል ተሰጥቶት የሚቀርበውን ገጸ ባሕርይ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ብቅ ያለውና በ2008 የራሱ ፊልም የተሠራለት «አይረን ማን» በደረቱ ላይ የሚበራ ክብ ብርሃን አለው። ይህን ልብስ በቤቱ የሚሠራ ሰው የመብራቱ ክዳን ከደረቱ ጋር አብሮ እንዲተጣጠፍ ከፈለገ ከጠንካራ ፕላስቲክ ይልቅ ሲሊኮን ጎማ ይመርጣል። በመጀመሪያ የክዳኑን አምሳያ በሸክላ መሰል ጭቃ ይሠራል፤ ከአምሳያው ላይ ቅርጽ ማውጫ ያነሣል፤ ከዚያም «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ፈሳሾችን በተወሰነላቸው መጠን አዋሕዶ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈስሳል። ፈሳሹ ተለውጦ ጎማ ይሆናል። ይህ ለውጥ በእንግሊዝኛ «ኪዩር» ይባላል። በአማርኛስ ምን እንበለው?

ለአፍ ቅርብ የሆነው «ደረቀ» ነው። ነገር ግን «ደረቀ» ስንል አንድ ነገር እርጥበቱ ወጣ ማለታችን ነው፤ ልብስ ይደርቃል፤ ጭቃ ይደርቃል። ሁለቱ የሲሊኮን ፈሳሾች ግን በፕላቲነም ካታሊስት አማካይነት ሲዋሐዱ የሚተንን ነገር የለም፤ ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይተሳሰራሉ እንጂ። ሙቀት ሥራውን ቢያፋጥንም የሚያፋጥነው ይህንኑ መተሳሰር ነው። እንዲያውም ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት መጋጠሚያ የሚውለው፣ ከቱቦ የሚወጣው ሲሊኮን ወደ ጎማነት የሚለወጠው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው። እርጥበት ካላገኘ የማይለወጥን ነገር «ደረቀ» ማለት ቃሉን ከነገሩ ጋር ማጣላት ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ሥራው ሲበላሽ ነው። ፕላቲነም ካታሊስት በድኝ ሲነካ ሥራውን ያቆማል። ድኝ ደግሞ በአንዳንድ የቅርጻ ቅርጽ ጭቃዎችና በላቴክስ ጓንት ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ያለ ነገር የነካው ሲሊኮን ፊቱ እንደ ተጣበቀ ይቀራል። መመሪያው «እስኪደርቅ ይጠበቅ» የሚል ከሆነ ሠራተኛው አልደረቀም ብሎ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሳምንት ይጠብቃል፤ ፈሳሹ ግን ምን ጊዜም አይለወጥም። ጉዳዩ ከጨዋታ ልብስም ያልፋል። የጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ቅርጽ የሚወስዱበት አንዱ የሲሊኮን ዓይነት የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በላቴክስ ጓንትም ይበላሻል።

ሌሎች አማራጮችንም መርምረናል። «ጠነከረ» አይስማማም፤ የተፈለገው ለስላሳ አካል ነውና። የወርቅ አንጥረኛን ቋንቋ መዋስም ይቻል ይመስላል። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ሠርቶ፣ በጭቃ ለብጦ፣ ሰሙን አቅልጦ ካስወጣ በኋላ ወርቁን በቦታው ያፈስሳል፤ የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» ስያሜም ከዚሁ የተገኘ ነው። ስለዚህ «አምሳያ»፣ «ማፍሰስ» እና የመሳሰሉት ቃላት ለሲሊኮን ሥራም ያገለግላሉ። ነገር ግን ወርቅ የሚጠጥረው በርዶ ነው፤ ቢያሞቁት ተመልሶ ይቀልጣል። ወደ ጎማነት የተለወጠ ሲሊኮን ግን ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም።

ስለዚህ «ረጋ» የሚለውን እንመርጣለን። ወተት ረግቶ እርጎ ይሆናል፤ «እርጎ» የሚለው ስም ራሱ የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። ወተቱ ሲረጋ ከዕቃው የሚወጣ ነገር የለም፤ ለውጡ ከውስጥ ነው፤ ውጤቱ ለስላሳ ነው፤ እርጎውም ተመልሶ ወተት አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን «አልረጋም» የሚለው ቃል ሰውን ወደ ምክንያቱ ይመራዋል። ወተቷ ያልረጋላት እናት ዝም ብላ አትጠብቅም፤ ዕቃው በሚገባ ታጥቦና ታጥኖ እንደሆነ ትመረምራለች። የሲሊኮን ሠራተኛም ማድረግ የሚገባው ይህንኑ ነው። እርግጥ የቀለጠ ቅቤም በርዶ «ረጋ» ይባላል፤ እንደገናም ይቀልጣል። ይሁን እንጂ ከሕዝብ አፍ የተወሰደ ቃል ሁሉ ሙያ ውስጥ ሲገባ በብይን መወሰኑ አይቀርም።

ሁለተኛው ችግር ስለ ብርሃን ነው። መስተዋትም ዘይት የጠጣ ወረቀትም ብርሃን ያሳልፋሉ። በመስተዋቱ ውስጥ ግን ወዲያ ማዶ ያለው ነገር ይታያል፤ በወረቀቱ ውስጥ ብርሃኑ ስለሚበታተን የነገሩ መልክ አይለይም። ኋለኛውን «ከፊል አሳላፊ» ማለት ልዩነቱ በብርሃኑ መጠን ላይ ነው ያሰኛል። ጥቁር መነጽር ከብርሃኑ ብዙውን ቢያስቀርም ማዶውን ያሳያል፤ ስለዚህ መለያው መጠን ሳይሆን መበታተን ነው። ልዩነቱን የሳተ መመሪያ የያዘ ሠራተኛ ጥርት ያለ ክዳን ቀርጾ፣ አምፖሉና ሽቦው ለተመልካች ሁሉ ይታዩበታል።

ሦስተኛው «ሲሊከን» እና «ሲሊኮን» ናቸው። የመጀመሪያው የአቶም ቁጥሩ 14 የሆነው ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1901 ያወጣው የእንግሊዝ ኬሚስት ፍሬድሪክ ኪፒንግ ሲሆን፣ የወሰደውም «ኪቶን» ከሚባሉት ውሑዶች ጋር በማመሳሰል ነው። በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ስለሆነ አራሚዎች እንዲጠነቀቁባቸው እናሳስባለን።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

፩. መርጋት፦ ፈሳሽ ውሑድ በሞለኪውሎቹ መተሳሰር ተመልሶ ወደማይፈስ አካል መለወጡ።

፪. የመሥሪያ ጊዜ፦ ሁለቱ ፈሳሾች ከተዋሐዱበት አንሥቶ ለማፍሰስ እስከማይቻልበት ድረስ ያለው ጊዜ።

፫. የመርጊያ ጊዜ፦ የተቀረጸው አካል ከቅርጽ ማውጫው ለመውጣት እስኪበቃ ያለው ጊዜ። የመሥሪያ ጊዜው 25 ደቂቃ የሆነ ሲሊኮን የመርጊያ ጊዜው 4 ሰዓት ሊሆን ይችላልና ሁለቱ ሊምታቱ አይገባም።

፬. ወዲያ አሳይ፦ ብርሃንን ሳይበትን የሚያሳልፍ።

፭. ደብዛዛ አሳላፊ፦ ብርሃንን እየበተነ የሚያሳልፍ።

፮. ተጣጣፊ፦ ሳይሰበር የሚታጠፍ። ተስቦ ከሚመለሰው «ተለጣጭ» ይለያል፤ የቆዳ ቀበቶ ተጣጣፊ ነው፤ የጎማ ማሰሪያ ግን ሁለቱንም ነው።

፯. ቅርጽ ማውጫ፦ ፈሳሽ የሚፈስስበት ጎድጓዳ ዕቃ። በእንግሊዝኛ «ሞልድ» የሚለው ቃል ሻጋታንም ስለሚያመለክት ተርጓሚው ዐውዱን ይመልከት።

እነዚህን ቃላት በሥራ ላይ የሚያውሉ ተርጓሚዎች ቃሉ ሠራተኛውን የረዳበትንም ያሳሳተበትንም ቢያስታውቁን፣ ብይኖቹን ለማረም ዝግጁ ነን።