ኳሷ ከመድረሷ በፊት

ወልድያ ኳስ የምትወድ ከተማ ናት። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም 25 ሺህ ገደማ ተመልካች ይይዛል፤ በየሰፈሩ ደግሞ ሕፃናት አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ሲጠልዙ ይውላሉ። ወደ ደቡብ ወርደን መርሳ ብንገባ፣ ከዚያም የሀብሩን የገጠር ትምህርት ቤቶች ብናይ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜዳ፣ አንድ ኳስና ሁለት ቡድን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ኳስ መያዝ የማይሆንለት ልጅ መደበቂያ የለውም።

ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ኦቲዝም ያለባቸው ናቸው፤ በተለይም ቀድሞ «አስፐርገር» ይባል የነበረው ዓይነት። ልጁ በደንብ ይናገራል፣ ያነባል፣ የአውሮፓ ክለቦችን አሰላለፍ በቃሉ ይወጣዋል። ሜዳ ላይ ግን እጁን የሚያነሳው ኳሷ ደረቱን መትታው ካለፈች በኋላ ነው። ፊሽካ ሲነፋ ጆሮውን ይይዛል። ገመድ ሲዘል እግሩ ይጠላለፋል። መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል፤ ጓደኞቹ ከዚያ የባሰ ይሉታል። ሒሳብ የሚችል ልጅ «መዝለል አልችልም» ሲል ማን ያምነዋል?

የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ሃንስ አስፐርገር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህን ልጆች ሲገልጽ፣ የሰውነታቸው አለመቀናጀት በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በግልጽ እንደሚታይ ጽፎ ነበር። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ በ1981 «አስፐርገር» የሚለውን መጠሪያ ለሁኔታው አስተዋወቀች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ሁኔታውን በኦቲዝም ሥር አጠቃሎታል። አስፐርገር በናዚ ዘመን አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ወደሚገደሉበት ተቋም ልጆችን መላኩ በሰነድ ከተረጋገጠ ወዲህም ስሙን የማይጠሩት ብዙዎች ናቸው። በሰማኒያ ዓመታት ውስጥ ምርምሩ በአብዛኛው ስለ ንግግርና ስለ ማኅበራዊ ግንኙነት ሲሆን፣ ሐኪሙ ሜዳ ላይ ያየው ነገር ተረስቶ ቆይቷል። ይህ መረሳት ዋጋ አስከፍሏል፤ ችግሩ የብዙዎቹ ነውና። በ2020 በአሜሪካ የታተመና ከ11 ሺህ በላይ በሆኑ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ወላጆች የሞሉት መጠይቅ፣ ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኙ የእንቅስቃሴ ችግር ሥጋት እንዳለባቸው አሳይቷል።

ኳስ መቅለብ ሲያዩት ቀላል ነው። ዓይን የኳሷን መነሻ ያያል፤ አንጎል ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ኳሷ የት እንደምትደርስ ይገምታል፤ እጅም ኳሷ ሳትደርስ ቀድሞ እዚያ ይጠብቃታል። ለዚህ ግምት በራስ ቅል ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል፣ ሰረብለም፣ ዋነኛ ሠራተኛ ነው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አዲስ እንቅስቃሴ ሲማሩ ዓይናቸው ከሚያየው ይልቅ ጡንቻቸውና መገጣጠሚያቸው በሚነግራቸው ላይ አብዝተው ይደገፉ ነበር። በ2012 የሰሜን አየርላንድ ተመራማሪዎች ደግሞ እነዚህ ልጆች ከሌሎች እንቅስቃሴዎች ይበልጥ በሁለት ነገር እንደሚቸገሩ አገኙ፦ ኳስ በመቅለብና ሚዛን ጠብቆ በመቆም።

እነዚህን ሁለት ግኝቶች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው «እኔን እያያችሁ ሥሩ» የሚለው የስፖርት መምህር ልማድ ለዚህ ልጅ ለምን እንደማይሠራ ይገባኛል። ልጁ በሰውነቱ እንዲሰማው፣ በዝግታና ተከፋፍሎ እንዲደርሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ደግሞ መንደር ውስጥ ሞልቷል። የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ በአንድ እግር የመቆም ልምምድ ነው፤ መሬት ላይ በእንጨት ከተሠመረ ይበቃል። ቅልብልቦሽ የዓይንና የእጅ ቅንጅት ነው፤ ጠጠሩ ቅርብ ነው፣ ተቃራኒ ቡድን የለም፣ ሰው አይጮህም። መቅለብ ገና የሚከብደው ልጅ በሻሽ ይጀምር። ሻሽ ወደ ላይ ሲወረወር ቀስ ብሎ ስለሚወርድ አንጎል ለመገመት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ የካልሲ ኳስ፣ ከዚያ ትልቅ ለስላሳ ኳስ፣ እውነተኛው ኳስ በመጨረሻ ይመጣል። ማሽላ ጥበቃ ላይ ወንጭፍ የለመደ የሀብሩ ልጅ በውርወራ ከእኩዮቹ ላያንስ ይችላል፤ ያንን የሚያይለት መምህር ካገኘ ዕድለኛ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የምጥልበት ዘዴ በካናዳ የሙያ ቴራፒስቶች ያዳበሩት ነው። ልጁ ግቡን ራሱ ይመርጣል፣ ዕቅዱን በቃል ይናገራል፣ ይሞክራል፣ ከዚያ «ምኑ ሠራ?» ብሎ ይፈትሻል። «እጆቼ ደረቴ ፊት። ዓይኔ ኳሷ ላይ። ስትነካኝ ወደ ራሴ ልሳባት።» ንግግር የዚህ ልጅ ጉልበት ነው፤ ታዲያ ሰውነቱን በንግግሩ ማስተማር ለምን ይቅር?

ክፍለ ጊዜውን ከባድ የሚያደርገው እንቅስቃሴው ብቻ አይደለም። ሕጉ በድንገት ይለወጣል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሮጣል፣ ፊሽካው ይሰነጥቃል። የዕለቱን ቅደም ተከተል ቀድሞ መንገር፣ በፊሽካ ፈንታ እጅ ማንሳት፣ ሠላሳ ልጅ መሀል ከመክተት ከአንድ ጓደኛ ጋር ማጣመር ገንዘብ አያስወጣም። ቡድን በአምበሎች ምርጫ መሆኑ ይቅር፤ መምህሩ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ይቁጠርና ይከፋፍል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ልጁን ለዘለቄታው ልብስና ጫማ ጠባቂ ማድረግን። ደግነት ይመስላል፣ ግን ይበልጥ መንቀሳቀስ ያለበትን ልጅ ያስቀምጠዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ የቆየባቸውን ወራት ያዩ ልጆች በድምፅ ቢደነግጡና ከሰው ቢሸሹ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ ነው፤ ስለዚህ እናትን «ሲድህ፣ ሲራመድ፣ ቁልፍ ሲቆልፍ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን ዘሚ የኑስ፣ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥታ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ በ2021 እስካረፈችበት ጊዜም ስለ ኦቲዝም ስትናገር ኖራለች። ዛሬም ልዩ ማዕከላት በአብዛኛው እዚያው፣ ከወልድያ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው ያሉት። ስለዚህ ለመርሳ ልጅ የቅርቡ ባለሙያ የስፖርት መምህሩ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ትምህርት ቤት ለልጁ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ይጠይቃል። ወላጅ መስከረም ላይ፣ ውጤት ሳይበላሽና ልጁ ሳይማረር፣ ሄዶ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «መምህር፣ ልጄ እምቢተኛ ሆኖ አይደለም፤ ሰውነቱ ነው ቶሎ የማይታዘዝለት። የተግባር ፈተናውን ከጓደኞቹ ጋር ሳይሆን መስከረም ላይ ከነበረበት ጋር ያነጻጽሩልኝ። ቤት የምንለማመደውን አንድ ነገር ደግሞ በየሳምንቱ ይንገሩን።»