ሳይጋገር የሚዘጋጅ የሙዝ ፑዲንግ

በጦር ሠፈር የሚኖር ቤተሰብ ዕቃው ጥቂት፣ ጉዞው ግን ብዙ ነው። ዛሬ በደጋ የሚኖረው ቤተሰብ የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህም ከባድ የመጋገሪያ ምድጃና ማቀዝቀዣ ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው እያጓጓዙ መኖር ለብዙዎች የሚቻል አይደለም። ይሁን እንጂ መጋገሪያ በሌለበት ቤት ልጆች የሚደሰቱበት፣ ከግዳጅ በፈቃድ የተመለሰ ወላጅም ከቤተሰቡ ጋር የሚቋደሰው ጣፋጭ ሊጠፋ አይገባም።

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን አንድ የከሰል ማንደጃ ወይም ቡታጋዝ፣ አንድ ድስትና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ብቻ የሚጠይቀውን የሙዝ ፑዲንግ አሠራር ለአንባብያን ያቀርባል። አሠራሩ ቀላል ነው። ነገር ግን ወተት ያለበት ምግብ እንደ ደረቅ ዳቦ ተቀምጦ የሚቆይ ስላልሆነ፣ ቀላልነቱ ከጥንቃቄ ጋር ካልተጣመረ ለልጆች ደስታ የተሠራው ጣፋጭ ለሆድ ሕመም ሊዳርጋቸው ይችላል። ከአሠራሩ ጋር የጊዜውን ሥርዓት የምናስረዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጣፋጭ በተለይ የታወቀው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ነው። ብስኩት፣ የተቆረጠ ሙዝና በወተት የተሠራ ወፍራም ፑዲንግ እየተደራረቡ ይዘጋጃሉ። ናቢስኮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሠራሩን በቫኒላ ብስኩቱ ማሸጊያ ላይ በማተሙ በብዙ ቤቶች ሊለመድ ችሏል። በቀድሞው ልማድ ላዩ በተመታ የዕንቁላል ነጭ ተሸፍኖ ይጋገር ነበር። እኛ የምናቀርበው ግን ይህን ክፍል የተወውንና መጋገር የማያስፈልገውን ነው።

በአገራችን ዋናው ግብዓት ሩቅ አይደለም። የአርባ ምንጭና የአካባቢው ሙዝ በየከተማው ገበያ ይገኛል። ሙዝ ከእንሰት ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ሲሆን፣ ከእንሰት ቆጮና ቡላ እንደሚገኝ ሁሉ ከሙዝ ደግሞ ፍሬው ይበላል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 105 ካሎሪ ያህል ኃይልና ከ400 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም ይሰጣል።

ሙዙን ስለ መምረጥ

የፑዲንጉ ጣዕም የሚወሰነው ገና በገበያ ነው። አረንጓዴ ሙዝ ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳርነት ስላልተለወጠ አፍ ያደርቃል። እጅግ የጠቆረው ደግሞ ሲቆረጥ ይፈርሳል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ልጣጩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ጥቂት ቡናማ ነጠብጣብ የታየበት ነው። የተገዛው ሙዝ ጥሬ ከሆነ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ከበሰለው የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ሌሎቹን ያበስላቸዋል። ጥሬውን ሙዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ግን ልጣጩን ከማጥቆርና መብሰሉን ከማሰናከል በቀር ጥቅም የለውም። ከመጠን በላይ የበሰለውም ቢሆን አይጣል፤ ለጭማቂ ይሆናል።

ለስድስት ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ወተት 1 ሊትር፤ የበቆሎ ስታርች 6 የሾርባ ማንኪያ፤ ስኳር 6 የሾርባ ማንኪያ፤ ጨው አንድ ቁንጥጫ፤ ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ፤ መካከለኛ ሙዝ 5፤ ደረቅ ብስኩት 200 ግራም፤ የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ። ቫኒላ ከሌለ ጥቂት የተፈጨ ቀረፋ ይተካዋል። ትኩስ ወተት በማይገኝበት ሠፈር የዱቄት ወተት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ተበጥብጦ ያገለግላል። የበቆሎ ስታርች ከጠፋ በምትኩ እስከ እጥፍ የሚደርስ የስንዴ ዱቄት ይገባል፤ ነገር ግን የዱቄቱ ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ መብሰል ይኖርበታል።

አሠራር

1ኛ. ስታርቹ፣ ስኳሩና ጨው በደረቁ ይደባለቃሉ። ከዚያም ከወተቱ አንድ ብርጭቆ ያህል ቀዝቃዛውን ጨምሮ ጓል እስኪጠፋ ድረስ መበጥበጥ ነው። ስታርችን በቀጥታ በፈላ ወተት ላይ መነስነስ እንዲጓጉል ያደርገዋል።

2ኛ. የቀረው ወተት በድስት ይፈላል። ከላም የታለበ ጥሬ ወተት ከሆነ በደንብ መፍላቱ የግድ ነው፤ ብሩሴሎሲስና የነቀርሳ በሽታ ባልፈላ ወተት ሊተላለፉ ይችላሉና።

3ኛ. እሳቱ ቀነስ ተደርጎ ብጥብጡ በቀስታ ይጨመራል። በእንጨት ማንኪያ ሳያቋርጡ እስከ ድስቱ ሥር ማማሰል ያስፈልጋል። ወፍሮ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ2 ደቂቃ ያህል ይበስልና ይወርዳል፤ ቫኒላውም በዚህ ጊዜ ይጨመራል።

4ኛ. ድስቱ በሰፊ ሳህን በተሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ አልፎ አልፎ ይማሰላል። ይህም ቶሎ እንዲበርድና በላዩ ስልባቦት እንዳይሠራ ይረዳል።

5ኛ. ፑዲንጉ ለብ ሲል ሙዙ ተልጦ በክብ በክብ ይቆረጥና የሎሚ ጭማቂ ይርከፈከፍበታል። ሙዝ አስቀድሞ ተቆርጦ ከቆየ አየር አግኝቶ ይጠቁራል፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ግን ያዘገየዋል።

6ኛ. በጎድጓዳው ሳህን ሥር ብስኩት፣ በብስኩቱ ላይ ሙዝ፣ በሙዙ ላይ ፑዲንግ ይደረጋል። እንዲሁ እየተደጋገመ ሦስት ድርብ ይሠራል። የመጨረሻው ድርብ ሙዙን ጨርሶ የሸፈነ ፑዲንግ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ብስኩቱ እርጥበት ጠጥቶ እንዲለሰልስ ተከድኖ ይቀመጣል።

የጊዜው ሥርዓት

ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ፑዲንጉን ለ4 ሰዓት ያህል አስቀምጦ ቢያቀርበው በይበልጥ ይጣፍጣል። እስከ ሁለት ቀንም ሊያቆየው ይችላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ግን የተለየ ሥርዓት መከተል አለበት። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ድስቱ ከእሳት ከወረደ ጀምሮ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ እንደ ድሬዳዋና ጎዴ ባለ ቆላ ደግሞ በሙቀት ሰዓት በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተበልቶ ማለቅ ይገባዋል። የተረፈውን ለነገ ማሳደር፣ ሽታው አልተለወጠም ብሎም ለልጅ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ ለሕመም የሚያበቃ ምግብ ሁልጊዜ በሽታው አይታወቅምና። ስለዚህ ቤተሰቡ አነስተኛ ከሆነ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ መሥራት ብልህነትም ቁጠባም ነው።

በጾም ቀንና ለሁሉም ማዕድ

በጾም ቀን ወተቱ በአኩሪ አተር ወይም በኦቾሎኒ ወተት ይተካል። ለኦቾሎኒው ወተት አንድ ብርጭቆ ተቆልቶ የተፈተገ ኦቾሎኒ በውሃ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ ከ1 ሊትር ውሃ ጋር ይፈጭና በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ብዙ ብስኩቶች ወተት ወይም ቅቤ ስላለባቸው ማሸጊያቸውን ማንበብ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ይህ ፑዲንግ የሚረጋው በስታርች እንጂ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራው ጄላቲን ስላልሆነ፣ የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች ጎን ለጎን በሚኖሩበት ሠፈር ለጎረቤት ለማቅረብ አያሳስብም።

ይህ ሥራ የአንድ ሰው ሸክም እንዳይሆን ቤተሰቡ ይከፋፈለው። አባት ድስቱን ያማስል፤ እናት ሙዙን ትቁረጥ፤ እጃቸውን በሳሙና የታጠቡ ልጆችም ብስኩቱን ይደርድሩ። ከልጆቹ አንዱ ደግሞ ድስቱ ከእሳት የወረደበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ከሳህኑ አጠገብ ያኑር። ጣፋጩ በሰዓቱ እንዲበላ የሚጠብቀው ዘብ እርሱ ይሆናል።